ዘጠኝ ወር ከአንዲት ቁልፍ ጋር፦ የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየሬ ነገር

ባለፈው እሑድ ቡሬ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የአምፕሊፋየሬን አራተኛ ቁልፍ ትንሽ ነካ አደረግኳት። «ጭርርርር!» ድምፁ ከእኔው ሳጥን ብቻ ቢወጣ ደግ ነበር፤ በመስመር ወደ ድምፅ ማቀላቀያው፣ ወደ ሚክሰሩ፣ ሄዶ በሁለቱም ሞንታርቦ ተለቀቀ። ሚዜዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አንዲት እናት «በስመ አብ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሌሎቹ አራት ቁልፎች እንደ አዲስ ናቸው። የታመመችው እኔ የምወዳት ናት።

አምፕሊፋየሯን ነሐሴ ላይ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሄጄ ነው የገዛኋት። ሻጩ ሁለት አቅርቦልኝ ነበር፤ አንዱ 300 ዋት፣ ከድምፅ መጨመሪያው ሌላ ባስ (የወፍራሙ ድምፅ ቁልፍ) እና ትሬብል (የቀጭኑ) ብቻ ያለው። ሌላዋ 100 ዋት፣ አምስት ቁልፍ ያላት፦ ድምፅ፣ ባስ፣ ሚድ (የመካከለኛው)፣ ከሚድ አጠገብ ደግሞ ሚዱ የትኛውን ድምፅ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ የምትመርጥ፣ ከ200 እስከ 2,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) የተጻፈባት አንዲት ቁልፍ፣ ከዚያ ትሬብል። «ወንድሜ፣ ቤዝ ላይ ዋት ነው ወሳኙ፤ ቁልፍ ማብዛት ጌጥ ነው» አለኝ። እኔም አላዋቂ ነበርኩ። ቁልፏን ፈልጌ ገዛኋት ብል ውሸት ነው። 300ው ያለ ሁለት ሰው አይነሳም፤ እኔ ደግሞ ሥራ የምሄደው በባጃጅ ነው። ቀላሏን ወሰድኩ፣ አለቀ።

እስከ ጥር ድረስ አራተኛዋን ቁልፍ ዞር ብዬ አላየኋትም። ቤት ውስጥ ባሱንና ትሬብሉን ከፍ፣ ሚዱን ዝቅ አድርጌ ስጫወት ማር ነበር። ያንኑ ድምፅ ይዤ ፍኖተ ሰላም ሠርግ ሄድኩ። አዳራሹ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከበሮው ሲጀምር ቤዜ ጠፋ። ባስ ጨመርኩ፤ ጉምጉምታ ሆነ። ደግሞ ጨመርኩ፤ ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዜማው ግን የለም። የሙሽራው አጎት ብርሌያቸውን እንደያዙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገርህ ሆዴን ያርበደብደዋል እንጂ ምን እንደሚል አይሰማኝም» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩና ጨንቆኝ ያገኘሁትን ሁሉ ማዞር ጀመርኩ። ሚዱን ከፍ አድርጌ ያቺን ቁልፍ ከ200 ቀስ እያልኩ ሳወጣት መጀመሪያ የታፈነ፣ እንስራ ውስጥ የሚያወሩ የሚመስል ድምፅ መጣ። 700 አካባቢ ስትደርስ ግን የጣቴ ምት፣ የክሩ ነጠላ ድምፅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። የድምፅ መጨመሪያውን አልነካሁም፤ እንዲያውም ባሱን ቀነስኩ። አጎትዬው ከማዶ ብርሌያቸውን አነሱልኝ።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። የቤዝ ወፍራሟ ክር ባዶዋን ስትመታ 41 ኸርዝ ገደማ ናት። እዚያ ታችኛው ሰፈር ግን ከበሮው አለ፣ የኦርጋኑ ግራ እጅ አለ፣ ሪትሙ ውስጥ ተጭኖ የሚመጣው አውቶማቲክ ቤዝም አለ (እሱን እንዲያጠፋልኝ ከኦርጋን ተጫዋቻችን ጋር ሁለት ቀን ተኳርፈናል)። ጆሮ ዜማውን የሚለየው ከዚያችው ክር ላይ ተደራርበው በሚወጡት፣ 82፣ 123፣ 164 እያሉ በሚሄዱት ድምፆች ነው። ሰው በሞላበት ሰፈር መጮህ ትርፉ ድካም ነው፤ ባዶ ወዳለበት ከፍ ማለት ይሻላል። የመብራት መስመሩ ኧርዝ የሌለው አዳራሽ ሲገጥም ደግሞ ባስ መጨመር ሌላ ጣጣ አለው። የመብራቱ እምምምታ 50 ኸርዝ ነው፤ የወፍራሟ ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ጂ የምትባለው ኖታ፣ 49። አብረው ሲዘፍኑ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ዳስ ውስጥ ነገሩ ይቀየራል። ሸራው ድምፁን አይመልስም፣ ታችኛው ድምፅ ሜዳ ለሜዳ ይበተናል፤ ባስ ትንሽ ጨምሬ ቁልፏን ወደ 400 አወርዳታለሁ። የእህቴን የጥፍር ቀለም ለምኜ ቁልፏ ዙሪያ ሁለት ነጥብ አድርጌያለሁ፤ ቀዩ ለቆርቆሮ፣ ሮዙ ለዳስ።

አሁን ያ ሻጭ ፊቴ ቢቆም የምለው አለኝ። ከ100 ወደ 300 ዋት መሄድ ማለት ወደ 5 ዴሲቤል መጨመር ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ያህል ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ነው። ያንን ሬሳ ሳጥን የሚያክል ነገር ተሸክሜ ፍኖተ ሰላም ብሄድ ኖሮ ያው ጉምጉምታ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ! ትልቅ አዳራሽ ሲሆን ከኋላዋ ባለው መውጫ ሚክሰር ላይ እሰካታለሁ፤ ያስተካከልኩት ድምፅ እንዳለ ይሄዳል። ጭርርታውም እንዳለ ይሄዳል እንጂ።

የሬዲዮ ጠጋኛችን ከፍቶ አየልኝ። የዳስ አቧራ ነው። መብራቷን ነቅሎ፣ ማጽጃ ነፍቶባት ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዞራት፤ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። ከዚያ ቡሬ። እንዲቀይራት ብለምነው እሱ ጋ ያለው የድሮ ሬዲዮ ትልልቁ ቁልፍ ነው፤ የእኔዋ ቦርዱ ላይ የተበየደች የጥፍር ታህል ናት። ለሻጩ ደወልኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አትነካካታ!»

አትነካካታ! አምስት ቁልፍ ሽጦልኝ አንዷን አትንካ። ሌላ ግዛ ብትሉኝ ግን አሁንም እሷኑ እገዛለሁ፣ ንዴቴ እንዳለ ሆኖ። ባስና ትሬብል ብቻ ያለውን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ለጊዜው ዘዴ አግኝቻለሁ፦ ሥራ ሳይጀመር ነጥቧ ላይ አድርጌ በፕላስተር አስራታለሁ። ለዚህ ግን አዳራሹን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ሞጣ ሠርግ አለን፤ ትናንት ለሙሽራው ወንድም ደውዬ «ጣሪያው ምንድን ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አታስብ ወንድሜ፣ አያፈስም» አለኝ።