የህዳሴ ዘመን ሰዓት፦ ፍልፍል ናስ ወይስ ክሪስታል?

ለስብስብ የናስ ሽፋን ያለው ሰዓት ይሻላል ወይስ የክሪስታል? ሁለቱም በአንገት ወይም በቀበቶ ይንጠለጠሉ ነበር፤ ኪስ የገቡት ኋላ ነው። አብዛኞቹ የሰዓት ቆጣሪ እንጂ የደቂቃ የላቸውም።

ናስ፦ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ከተሞች የኑረምበርግና የአውግስበርግ ሥራ። ክዳኑ የተፈለፈለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሳይከፈት ቁጥሩ ይታያል፣ ደወል ካለውም ድምፁ ይወጣል። ናሱ በወርቅ ይለበጣል፤ ወርቁ ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ ይቀባና ሜርኩሪው በእሳት ይተናል። ወርቁ ጠርዙ ላይ ቢሳሳ አይክፋዎት፤ እንደ አዲስ ካስለበጡት ዋጋው ይወርዳል። በቀዳዳው አቧራ መግባቱ ግን አይቀርም።

ክሪስታል (እንደ መስታወት የጠራ የተፈጥሮ ድንጋይ)፦ በ1600 ግድም የተወደደ፤ አንዳንዱ በመስቀል ወይም ሞትን በሚያስታውስ የራስ ቅል ቅርጽ። በቀላሉ አይጫርም፣ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ውስጡ ክብ የአየር አረፋ ካዩ ተራ መስታወት ነው።

በእጁ እያገላበጠ ለሚያጠና ናሱ ይሻላል፤ ከመደርደሪያ ለማይወጣ ስብስብ ክሪስታሉ።