ደርቆ ዝናብ የሚጠብቅ ተክል፦ የኢያሪኮ ጽጌረዳ ለምናባዊ በረሃ ፈጣሪዎች

ለልቦለድ፣ ለጌም ወይም ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት የበረሃ ፕላኔት የሚፈጥሩ ሰዎች ተክል ሲስሉ አብዛኛውን ጊዜ ካክተስን (ውሃ በግንዱ የሚያጠራቅመውን እሾሃማ ተክል) ያገዝፉና ቀለሙን ይቀይሩታል። ውሃ ማጠራቀም ግን በበረሃ ለመኖር ካሉት መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። «የኢያሪኮ ጽጌረዳ» በሚል ስም የሚሸጠው ደረቅ ኳስ ተቃራኒውን መንገድ ጠረጴዛ ላይ ያሳያል፦ ውሃውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ለቆ፣ ተጨማዶ፣ ዝናብ መጠበቅን። ለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ቢገዛ አይቆጨውም።

ሲገዛ ግን ስሙ ያሳስታል፤ በዚህ ስም የሚሸጡት ሁለት የማይዛመዱ ተክሎች ናቸው። አንዱ የሜክሲኮና የደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የቺዋዋ በረሃ ተክል የሆነው ሴላጂኔላ ሌፒዶፊላ ነው። አበባም ዘርም የለውም፤ አበባ አልባ እንደሆነው እንደ ፈርን በስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት በደቀቁ የመራቢያ ህዋሳት ይራባል። ሌላው አናስታቲካ ሲሆን የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ በረሃ ተክል፣ ወገኑም ከጎመን ነው። አናስታቲካም ሲረጥብ ይዘረጋል፤ የሚዘረጋው ግን የሞተ ቅርንጫፍ ነው፣ ሥራውም ፍሬውን ለዝናብ ጠብታ አጋልጦ ዘሩን መበተን ነው። መቼም ተመልሶ አይለመልምም። ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ሴላጂኔላ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅጠሎች የተሸፈነ ጠፍጣፋ ቅርንጫፍ አለው፤ አናስታቲካ ቅጠል አልባ ጭራሮ ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ስለ ሴላጂኔላው ነው።

ደረቁን ኳስ መጀመሪያ በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ከዚያ ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር አንጥፋችሁ ሥሩን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ውሃው የታችኛውን ክፍል ብቻ ቢነካ ይበቃል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። በየ30 ደቂቃው ስፋቱን በማስመሪያ ለኩና ጻፉ። ጡጫ የመሰለው ነገር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይፈታል፤ መሃሉ ለመለም ለማለት ግን ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ያረጁት የዳር ቅርንጫፎች ቡናማ እንደሆኑ ቢቀሩ ችግር የለውም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው መከፈቱን የሕይወት ምልክት አድርጎ ሲወስድ ነው። የግንዱ ሁለት ጎኖች ውሃ ሲስቡ እኩል ስለማያብጡ የሞተ ሴላጂኔላም ይከፈታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሃሉ አረንጓዴ ካልሆነ የተሸጠላችሁ የሞተ ነው፤ ደረቅ ሳለ ይህን በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ዋናው ትምህርት ያለው ሲደርቅ ነው፤ ብዙዎች ግን ይህን ሳያዩት ያልፋሉ። የዳር ቅርንጫፎች ቀድመው ይታጠፉና የመሃሎቹን ይሸፍናሉ። ምክንያቱ ብርሃን ነው፦ ውሃ ያጣ ቅጠል የተቀበለውን ብርሃን ለፎቶሲንተሲስ ሊያውለው ስለማይችል ብርሃኑ ራሱ ይጎዳዋል። በህዋሳቱ ውስጥ ደግሞ ትሬሃሎዝን የመሳሰሉ ስኳሮች ሽፋኖችና ፕሮቲኖች ደርቀው እንዳይበላሹ ያግዛሉ። እንግዲህ ደርቆ የሚነሳ ተክል የምትፈጥሩ ከሆነ ጥላ የሚሆነው ምኑ እንደሆነና ህዋሱን ከውስጥ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ መልስ ይኑራችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ ወጪ ነው። ተክሉ በነቃ ቁጥር ለመተንፈስና የተጎዳውን ለመጠገን ያስቀመጠውን ምግብ ይበላል፤ ፎቶሲንተሲሱ ይህን የሚተካው ቆይቶ ነው። አጭር ዝናብ ስለዚህ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። በፕላኔታችሁ ላይ በየቀኑ ለ20 ደቂቃ የሚያካፋ ከሆነ እንዲህ ያለ ተክል በውሃ መሃል ሆኖ በረሃብ ያልቃል፤ በዓመት አንዴ ለሳምንት የሚዘንብ ከሆነ ግን ይስማማዋል። የለካችሁት ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኳሱ ለመከፈት 4 ሰዓት ፈጅቶበት የእናንተ ዝናብ 1 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚመጥ መሠረት ስጡት። ቁመቱንም ገድቡ። ደርቀው የሚነሱ እውነተኛ ተክሎች ትንንሾች ናቸው፤ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው የአፍሪካው ማይሮታምነስ እንኳ ቁጥቋጦ ነው። በረጅም ግንድ ውስጥ የተቋረጠን የውሃ መስመር ከታች እስከ ጫፍ እንደገና መሙላት ከባድ ነው፤ 50 ሜትር ዛፍ ደርቆ ተነሣ የምትሉ ከሆነ ይህን ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

አያያዙ ቀላል ቢሆንም ይቅርታ የማያደርግበት ነገር አለ። ውሃው በየቀኑ ይቀየር፣ ከ1 ሳምንት በላይም አይቆይበት፤ የሞተው የታችኛው ክፍል ይበሰብሳል፣ መጥፎ ሽታና ሻጋታም ይከተላል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ለ2 ሳምንት ያህል ይድረቅ። በምድጃ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማፋጠን ሊገድለው ይችላል፤ ህዋሱ ለመዘጋጀት ጊዜ ያስፈልገዋል። «ፈጽሞ አይሞትም» የሚለውን የሻጮች ማስታወቂያ አትመኑ። ከዱር የሚለቀም ስለሆነም ለአንድ ክፍል ተማሪ አንድ ይበቃል።

ከአፈር በታች ተደብቆ ብርሃን የሚቀበል ተክል ለምትስሉ ግን ይህ ኳስ አይረዳችሁም። ለዚያ የደቡብ አፍሪካውን ሊቶፕስ ፈልጉ፦ ድንጋይ የሚመስለው አናቱ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት ነው፣ አረንጓዴው ክፍሉ ከታች በአፈር ውስጥ ይቀመጣል።