ሲሊኮን የተቀባ ማብሪያ ማጥፊያ ወፍጮ ቤት እንዳትሰቅሉ

ወሎ ውስጥ ወፍጮ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት ወይም ቀለም የሚረጭበት ጋራዥ ላላችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። በተለይ ዕቃ ከደሴና ከኮምቦልቻ የምትገዙ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አጎቴ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወፍጮ ቤት አለው። ጤፍና ማሽላ ይፈጫል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሰልፉ እስከ ማታ ነው። የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ ስላረጀ አዲስ እንድገዛለት ላከኝ። ደሴ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባሁ። ሻጩ "ለወፍጮ ከሆነ ይሄን ውሰድ፤ ዱቄት አያስገባም፣ ፍንዳታም አያስነሳም" አለኝ። ብርማ ስቲከር ላይ በቀይ "ኢኤክስ" እና "አይፒ 66" የሚል አለበት። ዋጋው የተራውን አምስት እጥፍ ነው። ለአጎቴ ደህንነት ነው ብዬ ሳልከራከር ከፈልኩ።

በሦስተኛው ወር ማብሪያው ሲነካ መንጣጣት ጀመረ። ብሬከሩን አጥፍተን፣ ሰፈር ውስጥ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ኤሌክትሪሽያን በካቻቢቴ ፈቱት። ውስጡ ዱቄት ሞልቶታል። ብረቶቹ የሚነካኩበት ቦታ ጠቁሯል። ክዳኑ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) የሚባል የለውም፤ ዙሪያው ሲሊኮን ተለቅልቆበታል፣ በቃ። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳም እንደዚያው። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ተራ ማብሪያ ነው" አሉኝ። ስቲከሩን በጥፍራቸው ሲፍቁት ተላጠ።

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከብሩ በላይ ያስጨነቀኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ከነልጁ ተሰልፎ የሚውለው እዚያው ማብሪያ ሥር መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማብሪያ ስታጠፉ ሁለቱ ብረቶች ሲላቀቁ መሃላቸው ብልጭታ ይፈጠራል። በ380 ቮልት የሚሠራ የወፍጮ ሞተር ሲሆን ደግሞ ብልጭታው ቀላል አይደለም። ዱቄት ጆንያ ውስጥ እያለ በቀላሉ አይነድም። አየር ላይ ሲበተን ግን እያንዳንዷ ብናኝ አየር ስለምታገኝ ሁሉም በአንዴ ይቀጣጠላል። አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 50 ግራም ገደማ ዱቄት ከተበተነ ለፍንዳታ ይበቃል። ሁለት እፍኝ እንኳ አይሞላም! አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፈረንጆች 1878 አንድ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚሁ በብናኝ ፍንዳታ ፈርሶ 18 ሰው ሞቷል።

ታዲያ በትክክል የታሸገ ማብሪያ ምን ይመስላል? አይፒ ከሚለው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ ነው፤ ትልቁ 6 ነው፣ ብናኝ ጭራሽ አያስገባም ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። ግን ልብ በሉ፣ አይፒ 66 ብቻውን ለፍንዳታ አደጋ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ለዚያ የኢኤክስ ምልክት ያስፈልጋል፤ እሱም ባዶውን አይጻፍም። ለብናኝ የሆነው ከአጠገቡ "ቲ" የምትለው የላቲን ፊደል ትኖራለች። ክዳኑ ምን ያህል እንደሚሞቅ በዲግሪ ይጻፋል፣ የምስክር ወረቀት ቁጥርም አለው። ሙቀቱ የሚጻፈው በምክንያት ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጋገረ ዱቄት ያለ ብልጭታም በሙቀት ብቻ ሊጤስ ይችላል።

የቤንዚን ትነት ያለበት ቦታ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከኢኤክስ አጠገብ "ዲ" የሚል የላቲን ፊደል ያለው ከባድ የብረት ሳጥን ትነት እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ትነቱ ገብቶ ውስጡ ቢፈነዳ እንኳ ሳጥኑ ይችለዋል። እሳቱም በክዳኑ ጠባብ ክፍተት ሲወጣ ቀዝቅዞ ይጠፋል። እዚያ ክፍተት ላይ "ለማጠናከር" ብሎ ሲሊኮን የሚቀባ ወይም ተጨማሪ ቀዳዳ የሚበሳ ሰው ሥራውን ያበላሸዋል። እንዳትፈቅዱለት።

ስትገዙ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱ። እሺ ካላለ ውጡ። ጎሚኒው አንድ ወጥ ሆኖ በተሠራለት ቦይ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሽቦ መግቢያው ገመዱን አንቆ የሚይዝ፣ በጥርስ የሚጠብቅ ግላንድ ይኑረው። ጽሑፉ ሳጥኑ ላይ በቋሚነት ይቀረጽ፣ ወይም የማይላጥ ሰሌዳ ላይ ይሁን። ደረሰኙ ላይም "ማብሪያ" ብቻ አታስጽፉ፤ ዓይነቱንና ቁጥሩን አስጽፉ። እኔ ይሄን ባለማድረጌ፣ ስመለስ ሻጩ "እኔ እንዲህ ብዬ አልሸጥኩም" አለኝ። ብሬን አልመለሰልኝም።

አጎቴ ጋ በመጨረሻ ያደረግነው ከሁሉም ርካሹን ነው። ማብሪያውን ጭራሽ ከወፍጮ ክፍሉ አወጣነው። ውጭ፣ ዱቄት የማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ዝናብ እንዳይነካው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተሰቀለ። ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳም ተደፈነ። ሞተሩም መብራቱም ብናኙ መሃል ስላሉ ኤሌክትሪሽያኑ እነሱንም አይተዋል። ሞተሩ ላይ የተጋገረው ዱቄት አሁን በየቀኑ ይጠረጋል። በኮምፕረሰር አይነፋም፤ መንፋት ዱቄቱን መልሶ አየር ላይ መበተን ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ ተመሳሳይ ሁለት ማብሪያዎች መደርደሪያው ላይ አየሁ። ግራጫ ናቸው፣ ብርማ ስቲከር፣ ቀይ ጽሑፍ።