ስልካችሁ ከአጠገባችሁ የማይርቅ ከሆነ ለስማርት ሰዓታችሁ ወርሃዊ መስመር አትክፈቱ

«ሰዓቱ በነጻ ነው፤ የምትከፍሉት መስመሩን ብቻ ነው።» «የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ምንም አትከፍሉም።» ከሻጭ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ ቀድማችሁ የውሉን ርዝመት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 36 ወር ነው። ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ ስለሚመስል ገዢው አያባዛውም፤ ሻጩም አያባዛላችሁም። እንግዲህ እናባዛው፦ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን፣ በወር 10 ብትከፍሉ በ36 ወር 360 ይወጣችኋል። የማስጀመሪያ ክፍያና ታክስ ገና አልገባበትም። ሴሉላር ያለው፣ ማለትም ያለ ስልክ በራሱ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር መገናኘት የሚችል ሰዓት፣ ሴሉላር ከሌለው ሰዓት የሚወደድበትንም ልዩነት ደምሩበት። «ነጻ» የተባለው ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው በየወሩ ተከፋፍሎ፣ መስመሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ በቅናሽ ስም እየተሰረዘ የሚሄድ ነው። መስመሩን በ10ኛው ወር ብትዘጉት ቅናሹ ይቆምና የቀረው ዋጋ እናንተው ላይ ያርፋል። የ3 ወሩ ስጦታም ሲያልቅ ማንም ደውሎ አያስታውሳችሁም፤ ሒሳቡ በራሱ መቆረጥ ይጀምራል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ውሳኔዎችን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው። ሴሉላር ያለው ሰዓት መግዛት አንድ ነገር ነው፣ መስመር መክፈት ሌላ ነገር። ሴሉላር ያለው ሰዓት መስመር ባይከፈትለትም እንደማንኛውም የብሉቱዝና የጂፒኤስ ሰዓት ሙሉ ሥራውን ይሠራል። ሳትፈልጉት ሴሉላር ያለው ሰዓት እጃችሁ ሊገባም ይችላል፤ አፕል ዎች አልትራ ለምሳሌ ያለ ሴሉላር አይሸጥም። ሰዓቱን መጀመሪያ ከአይፎኑ ጋር ስታጣምሩት «ሴሉላር አዘጋጅ» የሚል ገጽ ይመጣል። የግድ የሚታለፍበት ደረጃ ይመስላል እንጂ አይደለም። «አሁን አይደለም» የሚለውን ነክታችሁ እለፉ። ከፈለጋችሁ ከአንድ ዓመት በኋላም ተመልሳችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ተቃራኒው ግን አይሆንም፦ ሴሉላር የሌለውን ሰዓት በሶፍትዌር ማሻሻያ ባለ ሴሉላር ማድረግ አይቻልም፤ ሬዲዮውና ኢሲሙ (በካርድ ፈንታ ውስጡ የተሠራው ሲም) የሉትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ሰዓቱ መስመሩን መቼ ይጠቀማል ወደሚለው እንምጣ። አፕል ዎች ቅድሚያ የሚሰጠው ለብሉቱዝ ነው። አይፎኑ አጠገቡ እስካለ ድረስ ጥሪውም መልእክቱም ኢንተርኔቱም የሚያልፈው በስልኩ በኩል ነው። ስልኩ ከብሉቱዝ ክልል ሲወጣ (በክፍት ቦታ 10 ሜትር አካባቢ፣ መሀል ላይ ግድግዳ ካለ ከዚያም ያነሰ) ሰዓቱ ወደሚያውቀው ዋይፋይ ይዞራል። ሁለቱም ሲጠፉ ብቻ ሴሉላሩ ይነሳል። በአንድሮይድ በኩል ያሉት ሰዓቶችም በመሠረቱ እንዲሁ ናቸው። ይህ የተደረገው ለባትሪ ሲባል ነው፤ ሴሉላር ሬዲዮ ከብሉቱዝ ጋር ሲተያይ እጅግ ኃይል የሚበላ ነገር ነው።

ይህንን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አፕል ዎች ላይ የመቆጣጠሪያ ገጹን ክፈቱና የሴሉላሩን ቁልፍ ቀለም ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ መስመሩ አለ፣ ሰዓቱ ግን በስልኩ ወይም በዋይፋይ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ከሆነ በሴሉላር ተገናኝቷል። መስመር ያላችሁ ሰዎች አንድ ሳምንት ሙሉ ቀለሙን አልፎ አልፎ ተመልከቱ። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ስልክ ይዞ የሚመላለስ ሰው ከነጭ ሌላ አያይም። ያ ማለት የወሩ ክፍያ ሄዷል፣ መስመሩ ግን አልተነካም።

መስመር የሚፈልጉ እየመሰሏቸው ሰዎች የሚታለሉባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ጂፒኤስ ሴሉላር አይፈልግም፤ ሰዓቱ ምልክቱን የሚቀበለው በቀጥታ ከሳተላይት ነው፣ የሮጣችሁበት መንገድና ርቀት ስልክ ሳትይዙም ይመዘገባል። የልብ ምት፣ እርምጃ፣ እንቅልፍ፣ ማንቂያ ደወል ሁሉ እዚያው ሰዓቱ ላይ ነው የሚሠራው። በሰዓት ተጠግቶ መክፈልም ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሙዚቃ ቢሆን ከመውጣታችሁ በፊት ሰዓቱ ላይ አውርዱት። በሴሉላር በቀጥታ ብታዳምጡት በ256 ኪሎቢት ጥራት በየሰዓቱ 115 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል፤ ከዳታው ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ባትሪው ነው። ማውረዱን ግን ሰዓቱን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ፣ ዋይፋይ ባለበት አድርጉት፤ በብሉቱዝ በኩል ከሆነ አንድ አልበም እስኪገባ ትሰለቻላችሁ።

ስልኩን ቤት ረስታችሁ ቢሮ ብትገቡስ? ሰዓቱ የቢሮውን ዋይፋይ ካወቀው አይሜሴጅ (በኢንተርኔት የሚሄደውን የአፕል መልእክት) መላክና መቀበል ይቀጥላል። የስልክ ኩባንያችሁ የዋይፋይ ጥሪን ከደገፈና አይፎኑ ላይ በሌሎች መሣሪያዎች እንዲሠራ ፈቅዳችሁለት ከሆነ መደወልም ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፦ ከሲሪስ 6 በፊት የነበሩት አፕል ዎቾች፣ እንዲሁም ኤስኢ የተባለው ርካሹ አፕል ዎች የመጀመሪያውና ሁለተኛው ትውልድ፣ የሚገቡት 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ብቻ ነው። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ ሰዓቱ አያየውም። «ዋይፋዩ አልሠራ ስላለኝ መስመር ገዛሁ» ከማለታችሁ በፊት ራውተሩ ላይ 2.4ቱን አብሩት። የሚያስወጣችሁ ነገር የለም።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ደግሞ መስመሩ ተከፍሎበትም የማይሰጠውን ነው። አፕል ዎች በሴሉላር ላይ ሆኖ ተራውን አጭር የጽሑፍ መልእክትና ከአፕል ውጪ የሆኑ መተግበሪያዎችን ኖቲፊኬሽን እንዲቀበል፣ የተጣመረው አይፎን ርቆም ቢሆን እንደበራ መቆየትና ከኔትወርክ ወይም ከዋይፋይ ጋር መገናኘት አለበት። ስልኩ ቤት ውስጥ ባትሪው አልቆ ከጠፋ የባንካችሁ የማረጋገጫ ኮድ ሰዓቱ ላይ አይደርስም። «ስልኬ ሲሞት ሰዓቱ ይተካኛል» ብሎ መስመር የሚገዛ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ይተካል፣ ግን በከፊል።

ባትሪውንም እንየው። አፕል ለብዙ ሞዴሎቹ «እስከ 18 ሰዓት» ሲል በሴሉላር ሞዴሉ ላይ ባደረገው ሙከራ ውስጥ ኤልቲኢ (የ4ጂ ሴሉላር ግንኙነት) የነበረው 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው 14 ሰዓት ከአይፎን ጋር በብሉቱዝ የተገናኘበት ነው። በ2017 የወጣውና ከአፕል ሰዓቶች የመጀመሪያው ባለ ሴሉላር የሆነው ሲሪስ 3፣ በአይፎን በኩል 3 ሰዓት ሲያስወራ በኤልቲኢ የሚያስወራው 1 ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ተሻሽለዋል፣ የልዩነቱ ምክንያት ግን አልተለወጠም፦ አንቴናው ትንሽ ነው፣ ከእጅ ቆዳ ጋር ተጣብቋል፣ ምልክት በደከመበት ቦታ ደግሞ ሬዲዮው ኃይሉን ከፍ እያደረገ ይጮኻል። ስለዚህ የስልካችሁ የኔትወርክ ምልክት ሁለት ዘንግ ብቻ በሚያሳይበት ሰፈር ከሰዓቱ ብዙ አትጠብቁ።

ሁለት ተጨማሪ እንቅፋቶችን ቶሎ ቶሎ እንለፍ። ሰዓቱ ከስልኩ ጋር አንድ ቁጥር እንዲጋራ ከፈለጋችሁ ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ደንበኛ መሆን አለባቸው፤ ቅድመ ክፍያ ቁጥር ላይ ደግሞ ይህን አገልግሎት የማይሰጡ ኩባንያዎች አሉ። ውጭ አገር ስትወጡ ደግሞ በአፕል ዎች ላይ ሮሚንግ የተጀመረው በ2022 ነው፤ ያም ሲሪስ 5 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት፣ ኩባንያው ከፈቀደም ብቻ። የድሮ ሰዓት ከሆነ ድንበር ስትሻገሩ መስመሩ ዝም ይላል፤ ክፍያው ግን አብሮ ዝም አይልም።

መስመር መክፈት የሚያዋጣቸው ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። አዘውትሮ ስልክ ሳይይዝ ረጅም የሚሮጥ፣ የሚዋኝ ወይም ብስክሌት የሚነዳ፣ በዚያ ሰዓትም መገኘት ያለበት ሰው አንዱ ነው። ስልክ ሊሰጠው ያልተፈለገ ልጅ ሌላው ነው፤ አፕል ከ2020 ጀምሮ የቤተሰብ አባልን ሰዓት በወላጅ አይፎን ማዘጋጀት ፈቅዷል፣ ለዚያም ሲሪስ 4 ወይም ኤስኢ እና ከዚያ በላይ የሆነ ባለ ሴሉላር ሰዓት ያስፈልጋል። ልጁ የሚውለው ዋይፋይ ባለበት ከሆነ ማዘጋጀቱ ራሱ መስመር አያስገድድም፤ በመንገድ ላይ ለመደወል ግን ግድ ነው። ሦስተኛው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት ያዙ፦ በ2019 ከወጣው ሲሪስ 5 ጀምሮ ባለ ሴሉላር ሞዴሎቹ መስመር ባይከፈትላቸውም በብዙ አገሮች ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት መደወል ይችላሉ። ለልጃቸው ለመደወልና ያሉበትን ቦታ ለማሳወቅ ከሆነ ግን መስመሩ ያስፈልጋል። እናታችሁ ከቤት ሲወጡ ስልካቸውን ረስተው የሚሄዱ ከሆኑ ክፈቱላቸው፤ ገንዘቡ አልባከነም።

ከእነዚህ ውስጥ መሆናችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ መለኪያው ቀላል ነው። መስመር ሳትከፍቱ ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን ተጠቀሙ። ስልኩ አጠገባችሁ ሳይኖር፣ ዋይፋይም ሳይኖር፣ ጥሪ ወይም መልእክት ያስፈለጋችሁን እያንዳንዱን ጊዜ ጻፉ። «ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር» አይቆጠርም፣ «አጣሁት» ብቻ ነው የሚቆጠረው። ወርሃዊ ክፍያውን በወር ለሚያጋጥማችሁ ቁጥር አካፍሉት። አንዷ ጥሪ ስንት እንደምታወጣ ያን ጊዜ ይታያችኋል። መስመር ያላችሁ ደግሞ አይፎኑ ላይ የሰዓቱን መተግበሪያ ከፍታችሁ ሴሉላር የሚለው ውስጥ ግቡ፤ ሰዓቱ የተጠቀመው ዳታ እዚያ ተጽፏል። በወር ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ካያችሁ መልሱ ግልጽ ነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ የያዛችሁትን ዕቃ አረጋግጡ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ። በአፕል ዎች ከሲሪስ 4 ወዲህ በተሽከርካሪው ዘውድ (ጎኑ ላይ ባለው የሚዞር ቁልፍ) ላይ ያለ ቀይ ቀለበት የሴሉላር ምልክት ነው። ሳምሰንግ ላይ የሞዴል ቁጥሩን መጨረሻ ተመልከቱ፦ በጋላክሲ ዎች 4፣ 5 እና 6 ቁጥሩ በ0 ካለቀ ብሉቱዝ ብቻ ነው፣ በ5 ካለቀ ኤልቲኢ ያለው ነው፤ ለምሳሌ አር 930 እና አር 935። ሴሉላር መሆኑ ግን አይበቃም። ለሌላ አህጉር የተሠራ ሰዓት የእናንተ ኩባንያ የሚጠቀምበት የሞገድ ባንድ ላይኖረው ይችላል፤ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ኩባንያውን ጠይቁ፣ ሻጩን አይደለም። ጋርሚን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፎርራነር 945 ኤልቲኢ ለምሳሌ የሚሠራው በጋርሚን በራሱ ምዝገባ ነው፣ ያም ሆኖ አያስደውልም።

ሲም ካርድ የሚገባባቸው ርካሽ ሰዓቶች፣ ዲዜድ 09 የሚባለው ዓይነት፣ የሚሠሩት በአሮጌው የሞባይል ኔትወርክ በ2ጂ ብቻ ነው። 2ጂ በተዘጋበት ወይም ሊዘጋ በታቀደበት አገር ይህን መግዛት ጌጥ መግዛት ነው። ለልጆች ተብለው ከሚሸጡት መከታተያ ሰዓቶች ውስጥም እንዲህ ያሉ አሉ፤ 4ጂ የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ካላያችሁ መልሱላቸው።

መስመሩን መዝጋት የፈለጋችሁ እንደሆነ ደግሞ ወጥመዱ ይህ ነው። ሰዓቱ ላይ ያለውን መስመር ማጥፋት፣ ሰዓቱን ከስልኩ ማላቀቅ፣ መሸጥ፣ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ፣ አንዳቸውም ክፍያውን አያስቆሙም ብላችሁ ተነሱ። መጀመሪያ የሰዓቱን መተግበሪያ፣ ከዚያ ሴሉላርን፣ ከዚያ ከኩባንያው ስም ጎን ያለውን የመረጃ ምልክት ነክታችሁ መስመሩን አስወግዱ። ሰዓቱን ስታላቅቁት መስመሩን ላቆየው ወይስ ላስወግደው ብሎ ይጠይቃችኋል፤ መልሳችሁ ልታጣምሩት ከሆነ አቆዩት፣ ልትሸጡት ከሆነ አስወግዱት። ቀጥሎ ኩባንያውን አግኝታችሁ ምዝገባው እንዲሰረዝ ጠይቁ። ከዋናው ስልክ ቁጥር የተለየ፣ ለሰዓቱ ብቻ የተሰጠ የመስመር ቁጥር ደረሰኙ ላይ ስላለ እሱን ጥቀሱላቸው፤ አለበለዚያ የስልካችሁን ሊዘጉት ይችላሉ። የስረዛውን ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የሚቀጥለውን ወር ደረሰኝም ያ የመስመር ቁጥር አለመኖሩን እስክታዩ አትጣሉት።