ድሬዳዋ ከዚራ የሚሰጠው "ራስን የማወቅ" ስልጠና፦ እስከ ሻይ ሰዓት ተኙ፣ ከዛ ሂዱ

ስለ ቅዳሜው ስልጠና በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው። ስማቸውን አልጠራም፣ ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። 600 ብር ነው፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት፣ ሻይና ሳምቡሳ አለው። ከሰዓት አለማድረጋቸው ድሬን እንደሚያውቁ ያሳያል፣ በዚህ ሙቀት ከሰባት ሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ስለ ማንነቱ የሚያስብ ሰው የለም አቦ።

መጀመሪያ ያልጣመኝን ልጨርስ። ገና ስትገቡ የጥያቄ ወረቀት ይሰጣሉ፣ ሞልታችሁ ስትጨርሱ አራት ፊደል ይወጣላችሁና ከ16 የሰው ዓይነት አንዱ ናችሁ ትባላላችሁ። ያው ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሞላችሁት ዓይነት ነው፣ MBTI የሚሉት። የስነ አእምሮ ሐኪሙን የካርል ዩንግን ሀሳብ ይዘው ያዘጋጁት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው፣ ሁለቱም ሳይኮሎጂ የተማሩ አይደሉም፣ ደግሞ ብዙ ሰው ከተወሰነ ሳምንት በኋላ ድጋሚ ሲሞላው ሌላ ፊደል ይወጣለታል። አሰልጣኙ ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። ውጤቱን ሲያነብ አዳራሹ በሙሉ "ወላሂ እኔን ነው!" ይላል። ምን ይገርማል፣ በፈረንጅ 1948 በርትራም ፎረር የሚባል ሳይኮሎጂስት ተማሪዎቹን የስብዕና ፈተና ፈትኖ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሁፍ ነው የመለሰላቸው፣ እሱንም ከኮከብ ቆጠራ የቃረመውን፣ ምን ያህል ይገልጻችኋል ሲላቸው በአማካይ ከ5 4.26 ሰጡት። "አንዳንዴ ከሰው ትግባባለህ አንዳንዴ ብቻህን መሆን ትወዳለህ" ሲባል እኔን አይመለከተኝም የሚል ማን አለ?

ከሻይ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። የጆሃሪ መስኮት ይባላል፣ ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የሚባሉ አሜሪካውያን ሳይኮሎጂስቶች በፈረንጅ 1955 ያወጡት። ወረቀቱ ላይ 56 ቃል አለ፣ ትዕግስተኛ፣ ኩሩ፣ ዓይናፋር፣ ደግ ምናምን። አንተ ራስህን ይገልጻሉ የምትላቸውን አምስት ስድስት ትመርጣለህ፣ የሚያውቅህ ሰው ደግሞ ከዛው ላይ ስላንተ ይመርጣል። ሁለታችሁም የመረጣችሁት ክፍት የሆነው ጎንህ ነው፣ አንተ ብቻ የመረጥከው የደበቅከው፣ እሱ ብቻ የመረጠው አንተ የማታየው፣ ማንም ያልነካው ደግሞ ወይ አንተ ጋ የለም ወይ ገና አልታወቀም።

እኔ ከስራ ባልደረባዬ ጋር ነበርኩ። ተጫዋች፣ ዘና ያለ፣ ብዬ አከበብኩ። እሷ "የሚወጠር" የሚለውን አክብባ ሰጠችኝ። እንዴት? ስላት "አለቃ ሲገባ እኮ ነው ቀልድ የምትጀምረው፣ አፍህ ይቀልዳል እግርህ ግን ጠረጴዛ ስር የሐረሩን የመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊ ነው የሚመስለው" አትለኝም! እግሬን አየሁት፣ እየተወዛወዘ ነው።

የድሬ ልጅ ግልጽ ነው እንባላለን አይደል፣ እውነትም በርጫ ላይ ፊት ለፊት ይነግሩሃል፣ ግን በፎገራ ነው የሚነግሩህ አንተም በፎገራ ትመልሳለህ፣ ተሳስቃችሁ ያልቃል፣ ቁም ነገሩ እዛው ቀረ። ይቺ ልጅም ስለ እግሬ ከዚህ በፊት ቢሮ ውስጥ ፎግራኝ ይሆናል እኮ፣ ማን ሰማት። ወረቀት ላይ ተከቦ ሲመጣ ግን ዞር የምትልበት የለህም። ብሩ ያላንገበገበኝ ለዚህ ነው።

የሚያበላሹት ሁለት ነገር አለ። ብቻውን የመጣውን ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ከማያውቀው ሰው ጋር ያጣምሩታል፣ አብሮት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ የጠጣ ሰው እሱ የማያየውን ምን ሊያይለት ነው? ሌላው፣ አሰልጣኙ አንዷን ልጅ ተነስተሽ የደበቅሽውን ተናገሪ እያለ ሲጫናት ነበር። ሉፍት ራሱ ሰውን አስገድዶ የደበቀውን ማስወጣት አይጠቅምም ነው የሚለው። በዛ ላይ ድሬ ናት፣ እዛ አዳራሽ ከዚራ ላይ ያወራሽው አንቺ ሳቢያን ሳትደርሺ ቀድሞሽ ይደርሳል።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ቬንትሌተሩ አንድ ስለሆነ ከፊት በቀኝ በኩል ቦታ ያዙ። የጠዋቱ የጥያቄ ወረቀት ቢያመልጣችሁም ግድ የለም፣ አርፍዳችሁ ግቡ፣ ለምን አረፈዳችሁ የሚል የለም። አብሯችሁ የሚሰራ ወይም የቆየ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ባልና ሚስት ግን ይቅርባችሁ፣ ከኋላችን የነበሩት ለየብቻ ባጃጅ ይዘው ነው የሄዱት። ሰርተፍኬት ተጨማሪ ብር አለው፣ እሱን ተዉት።