ለሰርቪስ ቤታችን መብራትና ግራውንድ ለዘረጋልን ኤሌክትሪሻን ምስጋና

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤታችን መብራት ስቦ፣ ግራውንዱን በወጉ ሠርቶ፣ እያንዳንዱን ነገር ለክቶ ላስረከበን ወንድማችን ምስጋናችን ከልብ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አቃቂ፣ ቃሊቲና አካባቢው የምትኖሩ፣ ጓሮ ላይ ምጣድ ቤት፣ ሰርቪስ ወይም የውሃ ፓምፕ ያላችሁ ሁሉ ይህን ባለሙያ ጥሩት እንላለን። የሠራውን በዝርዝር የምንጽፈው፣ ሌላ ሰው ብታሠሩም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ብዙ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት መብራት የሚያገኘው በሁለት ሽቦ ነው፤ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው) እና ኒውትራል (የሚመልሰው)። አምፖሉ ይበራል፣ ምጣዱም ይግላል፣ ስለዚህ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። የጎደለው ግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ነው፤ ጉድለቱ የሚወጣው ፌዙ የምጣዱን የብረት አካል የነካ ዕለት ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ምስማር ሽቦውን ከወጋ ግድግዳው በሙሉ ይነዝራል።

ወንድማችን ኬብል ከማስገዛቱ በፊት ቆጣሪው ጋ ሄዶ ኒውትራሉ ከግራውንድ ጋር ታስሮ እንደሆነ አጣራ። አልታሰረም፤ ስለዚህ ግቢው የሚተማመነው መሬት ውስጥ በሚተከልለት የብረት ዘንግ፣ በራሱ የግራውንድ ዘንግ ብቻ ነው። ቀሪው ሥራ የተወሰነው በዚህ ነው።

ርቀቱ 25 ሜትር ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ስለሆነ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ መብራት፣ ፍሪጅና ሶኬት ሲጨመር 25 አምፔር እንያዝ አለ። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለዚህ አይበቃም። በውስጡ ሦስት ሽቦ ያለው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል አስገዛን፤ በዚህ ርቀት የሚጠፋው ቮልት 5 እንኳን አይሞላም። 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ ከታች አሸዋ ተነጥፎ፣ ኬብሉ በፒቪሲ ቱቦ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ሌላ ጊዜ የሚቆፍር ሰው እንዲያይ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ተዘረጋ። ዋናው ቤት ላይ 32 አምፔር ብሬከር (ከልኩ ያለፈ ኃይል ሲሳብ የሚቆርጥ)፣ ሰርቪሱ ውስጥ የራሱ ትንሽ ሳጥን። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ለግራውንድ ብቻ ዋለ። ሽቦ አጠረ ተብሎ እሱን ፌዝ ማድረግ በየቤቱ ይታያል፤ ነገ የሚጠግን ሰው ግራውንድ መስሎት ይይዘዋል።

አሁን ዋናው ነገር። የግራውንድ ዘንግ መሬት ውስጥ ስለተተከለ ብቻ ሰው አይድንም። መዳብ የተቀባ የ1.5 ሜትር ዘንግ ተመትቶ ሲለካ 24 ኦም አሳየ፤ ኦም መሬቱ ኃይሉን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ነው፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሁለተኛው 3 ሜትር ርቆ ተመትቶ ሁለቱ ሲያያዙ 13 ኦም ሆነ። ጥሩ ንባብ ነው። ግን አስሉት፤ 220 ቮልት ለ13 ሲካፈል 17 አምፔር ያህል ነው። የምጣዱ ብሬከር ባለ 20 አምፔር ነው። ስለዚህ ፌዝ የምጣዱን አካል ቢነካ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም፤ ምጣዱ አብዛኛውን ቮልት እንደያዘ ሰው እስኪነካው ይቆያል። «ግራውንድ አለን» እያሉ የሚነዘሩ ቤቶች ነገር ይኸው ነው።

የሚያድነው ዘንጉና አርሲዲ (RCD፣ ኃይል ሲያመልጥ ወዲያው መብራት የሚቆርጥ መሣሪያ) አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ዘንጉ ለሚያመልጠው ኃይል መንገድ ይሰጣል፣ አርሲዲው ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ ይቆርጣል። ሰርቪሱ ሳጥን ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር፣ ዋናው ቤት ላይ ባለ 100 ሚሊ አምፔር ዘግይቶ የሚቆርጥ አርሲዲ ተገጠመ፤ ጓሮው ላይ ችግር ሲፈጠር ግቢው በሙሉ እንዳይጨልም ነው።

ሰርቪሱ ጋ ኒውትራልን ከግራውንድ ጋር ማሰር ፈጽሞ አይደረግም። ዘንግ መግዛት ሲከብድ ሶኬቱ ውስጥ ሁለቱን በአጭር ሽቦ የሚያገናኙ አሉ። በመንገድ ላይ ኒውትራሉ ቢቆረጥ፣ ፌዙ በበራው አምፖል በኩል አልፎ የእያንዳንዱን ዕቃ ብረት ይይዛል። ሞት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት።

የአካባቢያችን ኮትቻ (ጥቁር የሸክላ) አፈር የራሱ ጠባይ አለው። ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ጥሩ ያስነብባል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቅና ዘንጉን ይለቀዋል። ስለዚህ የዘንጎቹ ራስ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሆነ፤ ልኬቱም የተያዘው በበጋ ነው። ጨውና ከሰል ጨምሩበት ለሚሉት፣ ጨው ንባቡን ለጊዜው ያወርዳል፣ ዝናብ ሲያጥበው ይመለሳል፣ ማሰሪያውንም ይበላዋል። ሁለተኛ ዘንግ ይሻላል። የቆርቆሮው ግድግዳ፣ የብረት በሩና የውሃ ቧንቧው በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከግራውንዱ ጋር ታሰሩ፤ ቀለሙ ተፍቆ፣ በብሎን ነው እንጂ በመጠምዘዝ አይደለም።

መጀመሪያ አካባቢ ምጣዱ ሲበራ አርሲዲው ይቆርጥ ነበር። ሸክላው እርጥበት ሲጠጣ በሬዚስታንሱ (በማሞቂያ ሽቦው) ዙሪያ ኃይል ወደ ብረቱ ያመልጣልና። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አርሲዲውን ያስነቅላል። ባለሙያው ግን ኃይል የሚያመልጥ መሆኑን በሚለካው መሣሪያ፣ በሜገር ለካው፣ ሸክላውን ፀሐይ ላይ አስደረቀ፣ እንደገና ለክቶ ንባቡ ሲስተካከል መለሰው። ስፒናውንም አስቀርቶ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ በሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በቀጥታ አሰረው፤ 16 አምፔር ረጅም ሰዓት የተሸከመ ስፒና ይቀልጣል።

ሲያስረክብ ከግራውንድ ማሰሪያው እስከ ምጣዱ አካል ያለውን ንባብ አሳየን፣ ከ1 ኦም በታች። አርሲዲውን በመሣሪያ ሞከረው። የሙከራውን ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ፣ ግን ቁልፉ የሚፈትነው አርሲዲውን ብቻ ነው፣ ግራውንዱ ቢቆረጥም ይሠራል፤ ዘንጉ በየዓመቱ በበጋ ይለካ ብሎ አሳሰበን። ልኬቶቹን በሙሉ ጽፎ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎልናል።

የዕቃውን ዝርዝር አስቀድሞ ይሰጣል፣ ገዝታችሁ ትጠብቁታላችሁ፣ የሚያስከፍለው የእጁን ነው። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ስትደውሉ ከቆጣሪው እስከ ሰርቪሱ ያለውን ርቀት በሜትር፣ የምጣዱን ዋትና የቤቱ ግድግዳ ከምን እንደተሠራ ንገሩት፤ የግራውንድ መለኪያውን ይዞ እንዲመጣም አስታውሱት።