ለፎርማናችን ምስጋና፣ ቤት ለምትሠሩ ጥቆማ

ባሕር ዳር ላይ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነኝ ፎርማናችን እለዋለሁ።

ቦታዬ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዚህ በፊት ሰርቪሷን የሠራልኝ ሰው አፈሩን ቆፍሮ ሳያወጣ ድንጋይ ደረደረበት። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ግድግዳው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ደወልኩ፤ ስልክ አያነሳም።

ዋናውን ቤት ስጀምር ፎርማናችንን አገኘሁ። የመጀመሪያው አሸዋ ሲመጣ መኪናው ሳይገለብጥ ሃይላንድ አነሳ። ግማሹን አሸዋ ሞላ፣ ጨው ያለበት ውሃ ጨመረ፣ ናጠውና ጥላ ሥር አስቀመጠው። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ሹፌሩ ይነጫነጫል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እየተነጫነጭኩ ነበር። ሲረጋ ከላይ ጭቃ ተኝቷል። በማስመሪያ ለካው፤ 10 ሴንቲ አሸዋ ላይ 1 ሴንቲ ጭቃ። የአገራችን ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 6 በመቶ ነው። መኪናው እንደተጫነ ተመለሰ።

እሱ ካለ ኮንክሪቱ ውስጥ ውሃ በባልዲ ተቆጥሮ ነው የሚገባው፤ ሠራተኛ እንዲቀለው ብሎ አይጨምርም። ፌሮው (ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት) ታይቶ የሥራ መዝገብ ደብተሩ ላይ ካልተፈረመ ኮንክሪት አይሞላም። እኔንም አስፈርሞኛል! ከተሞላ በኋላ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) በጆንያ ተጠቅልለው ሰባት ቀን ውሃ ጠጡ።

በጣም የገረመኝ ግን የራሱ ስህተት ነው። አንዱ ኮለን ፎርሙ ሲፈታ ከሥሩ ጠጠሩ ተራቁቶ ታየ። ልስን ቢመታበት ማን ያውቅ ነበር? ራሱ ደውሎ ጠራኝ፣ በራሱ ወጪ አፍርሶ ሞላው። ደብተሩ ላይ "ቫይብሬተር መሃል ላይ ቆመ፣ ነዳጅ አልቆ" ብሎ ጻፈ፤ ቫይብሬተር ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው ማሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ነዳጁ ሳይታይ ሥራ ተጀምሮ አያውቅም።

ኢንጂነሪንግ የሚማር የወንድሜ ልጅ ደብተሩን አገላብጦ "አክስቴ፣ ይሄ እኮ አይሶ 9001 ነው" ብሎ ሳቀ፤ ዓለም አቀፉን የጥራት አሠራር ደረጃ ማለቱ ነው። ማቀድ፣ መሥራት፣ ማጣራት፣ ማረም፤ ክፍል ውስጥ የሚማሩት ይህንኑ ነው አሉ። ፎርማናችን አይሶውን ሰምቶትም አያውቅ።

ቀስ ይላል፣ አልደብቃችሁም። ከተባባልነው ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። ዋጋውም የሰፈራችን ርካሹ አይደለም።

ፎርማናችን፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገና ሰላም ሳይላችሁ ስለ አፈሩ ይጠይቃችኋልና አስቆፍራችሁ ጠብቁት።